ጋቢውን ከአልጋው አውጡት፦ ሕፃን ልጅን ያለ ስጋት የማስተኛት መመሪያ

የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን ማታ አልጋው ላይ የነበረውን ዕቃ ልቁጠርላችሁ። አንድ ጋቢ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ፎጣ፣ አክስቴ ያመጣችው ትንሽ ትራስ፣ የጎረቤት ልጅ የሰጠችው አሻንጉሊት ድብ። መሀል ላይ 3 ኪሎ የማይሞላ ልጅ። ፊቱን ለማየት ጨርቅ መግለጥ ነበረብኝ። ቤቱ ሰው በሰው ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ያለ ሁሉ አንድ ነገር ይደርብለታል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም ብርድ እንዳይመታው ነው።

ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ አልጋው ላይ አንሶላና ልጅ ብቻ ነበሩ። በሁለቱ መሀል ያነበብኩትን፣ ሐኪም የጠየቅኩትን፣ ከእናቴ ጋር የተከራከርኩትን ነው እዚህ የማወራችሁ። አልጋውን ማስተካከል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ወራት የሚፈጀው ሰዉን ማሳመን ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ግማሹ ስለ አልጋ፣ ግማሹ ስለ ሰው ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ደህና የነበረ ሕፃን ተኝቶ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። አንዳንዱ በጨርቅ ወይም በትራስ ይታፈናል። አንዳንዱን ሰው ይጫነዋል። የአንዳንዱ ምክንያት ተመርምሮም አይገኝም፤ ሐኪሞች ይህንን ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ይሉታል። በብዛት የሚደርሰው ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ከ10 ዘጠኙ ደግሞ ልጁ 6 ወር ሳይሞላው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከእንቅልፍ ጋር በተያያዘ በዓመት 3,500 ያህል ሕፃናት ይሞታሉ። እኛ ጋ ሌሊት ቤት ውስጥ ያረፈ ሕፃን ብዙ ጊዜ አይመረመርም። "ብርድ ነው"፣ "ዓይን ነው" ይባልና ይቀበራል። ስላልቆጠርነው የለም ማለት አይደለም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ብዙውን ማስቀረት ይቻላል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ለዓመታት ሕፃናትን በሆዳቸው ያስተኙ ነበር፤ ሐኪሞቻቸውም ያንኑ ይመክሩ ነበር። በኋላ ስህተቱ ታወቀ። በእነሱ አቆጣጠር ኔዘርላንድ በ1987፣ እንግሊዝ በ1991 ምክራቸውን ገለበጡ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1992 ተከተለ፤ አገር አቀፍ ዘመቻው ደግሞ በ1994 ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ የድንገተኛው ሞት ቁጥር ከግማሽ በላይ ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። ልጅን በጀርባው ማስተኛት ነው ይህን ያህል የሠራው።

1. በጀርባው፣ ሁልጊዜ

ሌሊትም ቀንም፣ ለ10 ደቂቃ ሸለብ የሚያደርገው ቢሆንም፣ በጀርባው አስተኙት። ፊቱ ወደ ጣሪያ። ራሱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ቢያዞር ችግር የለውም።

"ቢያስመልሰውስ? ትን ቢለውስ?" ይህን ያልጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔም ጠይቄያለሁ። መልሱ ያለው ጉሮሯችን ውስጥ ነው። የአየር ቧንቧ ከፊት ነው፣ የምግብ ቧንቧ ከኋላ። ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናሉ። ያቀረሸው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ልግባ ቢል ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ነው ነገሩ የሚገለበጠው፤ ያኔ ወተቱ ቁልቁል ይወርድለታል። ጤነኛ ሕፃን ደግሞ ዝም ብሎ አይታፈንም። ይውጠዋል፣ ወይም ያስለዋል።

በጎንስ? የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩበት ሆስፒታል አንዷ ነርስ በጎኑ አስተኝታ ከጀርባው የተጠቀለለ ፎጣ ደገፈችበት። እኔም ቤት ገብቼ ያንኑ ቀጠልኩ፤ ነርስ ካደረገችው ምን እላለሁ? ሁለት ወር ሲሞላው አንድ ጠዋት ፎጣው አንድ ጥግ፣ ልጁ አፍንጫውን ፍራሹ ላይ ተክሎ አገኘሁት። ደህና ነበር። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። በጎን የተኛ ሕፃን ወደ ሆዱ ለመገልበጥ ትንሽ መንቀሳቀስ ይበቃዋል። የተጠቀለለው ፎጣም ራሱ ማፈኛ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው። "በሆዱ ሲሆን እኮ እንዴት ያለ እንቅልፍ ይወስደዋል!" ትላለች እናቴ። ልክ ናት፣ ይወስደዋል። ችግሩም እሱ ነው። ሕፃን ሌሊት የሚባንነው፣ የሚወራጨው፣ የሚያጉረመርመው ሊያሰቃየን አይደለም። አየር ሲያንሰው የሚቀሰቅሰው ይኸው መባነን ነው። በሆዱ የተኛ ልጅ እንቅልፉ ይከብደዋል፣ በቀላሉ አይነቃም። ፊቱ ፍራሹ ላይ ሲደፋ ደግሞ ያወጣውን አየር መልሶ ይስበዋል። ሰውነቱም ከልክ በላይ ይሞቃል። እንግዲህ እንቅልፉ ጥሩ የሚመስለን በጣም ስለከበደ ነው።

የራሱ ቅርጽ እንዳይጠፈጥፍ የምትሰጉ ከሆነ፣ ነቅቶ እናንተ አጠገቡ ሳላችሁ በሆዱ አድርጋችሁ አጫውቱት። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። አንገቱም ይጠነክራል።

2. መኝታውን ፈትሹ

ደንቡ አጭር ነው፦ ጠንካራ፣ ልሙጥ፣ ያልዘቀዘቀ። ፍራሹን በመዳፋችሁ ተጫኑትና እጃችሁን አንሱ። የእጃችሁ ቅርጽ ከቀረ ለሕፃን አይሆንም። ብዙ ቤት ያለው አሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ መሀሉ ጎድጉዶ ገንዳ ሠርቷል፤ ሕፃን ወደዚያ ይንከባለላል።

የእንጨት አልጋ የምታሠሩ ከሆነ ለአናጺው ሁለት ነገር ንገሩት። በርብራቦቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የለስላሳ ጣሳ ካሾለከ ሰፍቷል ማለት ነው። ፍራሹ ደግሞ አልጋው ውስጥ ልክክ ይበል፤ በፍራሹና በጠርዙ መሀል ሁለት ጣት ከገባ ልጁም ይገባበታል። ከሰው የተሰጣችሁ አሮጌ አልጋ ከሆነ ብሎኖቹን አጥብቁ፤ የተሰበረ ርብራብ ካለ ሳይጠገን አታስተኙበት።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣውንም ስጦታ እዩት። ዘመድ ለአራስ ብሎ የሚያመጣው ያማረ ነገር ሁሉ ለእንቅልፍ አይሆንም። በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው የጥጥ መከለያና ራስጌው ከፍ ያለው ዘንበል ያለ መኝታ በአሜሪካ በ2022 በወጣ ሕግ እንዳይሸጡ ታግደዋል። ሁለቱም የሕፃናት ሕይወት ስላጠፉ ነው። ዘንበል ያለ መኝታ ላይ የሕፃኑ አገጭ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየር መንገዱን ያጥፈዋል። ስለዚህ ልጁ ያቀረሻል ብላችሁም ከራሱ በታች ትራስ አታድርጉ።

3. ጋቢውን አውጡ

አልጋው ላይ አንድ በደንብ የተወጠረ አንሶላ ብቻ ይሁን። ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ አሻንጉሊት፣ "ለማንኛውም" ተብሎ ራስጌው የተቀመጠ ፎጣ ሁሉ ይነሳ። ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው በአልጋው አያስፈልጉም።

ቀን ላይ የምንሠራት አንዲት ስህተት አለች። ልጁን ትልቁ አልጋ ላይ እናስተኛና እንዳይወድቅ ዙሪያውን በትራስ እናጥራለን። ትራስ አጥር አይሆንም። ሕፃኑ እየተንፏቀቀ ሄዶ ፊቱን ይቀብርበታል። ከዚያ ይልቅ መሬት ላይ የተነጠፈ ጠንካራ ስስ ፍራሽ በብዙ ይሻላል።

ፊቱን በነጠላ መሸፈንም እንዲሁ። ለዝንብ፣ ለብርሃን፣ ለሰው ዓይን ተብሎ ነው። ለዝንብና ለትንኝ አጎበር አለ። አጎበሩ ተወጥሮ ከፍራሹ ስር ይግባ እንጂ ልጁ ላይ አይረፍ። መብራት ሲጠፋ የምትለኮሰው ሻማም አጎበሩ አጠገብ አትድረስ።

ታዲያ ብርዱስ? የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብርዱን በሚደረብ ሳይሆን በሚለበስ ነገር መከላከል ነው። መለኪያው እናንተ ናችሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ እናንተ ሳትበርዱ የምትቀመጡበትን ያህል አልብሱትና አንድ ብቻ ጨምሩ። እኔ ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ ከፍላኔል ጨርቅ እጅጌ የሌለው ከረጢት አሰፋሁ። አንገቱና ብብቱ ልክ፣ ከታች ሰፊና የተዘጋ፣ ፊት ለፊት በዚፕ። እግሩን እንደልቡ ያራግጣል፣ ፊቱ ላይ ግን አይወጣም። ልብስ ሰፊው "ይሄ ምንድን ነው፣ የጤፍ ጆንያ?" ብሎ ስቆብኝ ነበር። በኋላ ለልጅ ልጁም ሰፋ።

መብረዱንና መሞቁን በእጁና በእግሩ አትለኩ። የሕፃን እጅና እግር ቀዝቀዝ ማለት የተለመደ ነው። እጃችሁን በማጅራቱ ወይም በደረቱ አስገቡ። ካላበው ወይም ትኩስ ከሆነ አንድ ልብስ ቀንሱ። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያውን አውልቁለት፤ ሕፃን ብዙ ሙቀት የሚያስወጣው በጭንቅላቱ በኩል ነው፣ ኮፍያውም ተንሸራቶ ፊቱን ሊሸፍን ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በተቃራኒው ተጠንቀቁ። የእናንተ ቤት ማሞቂያ አለው። ዋሽንግተን ውስጥ በጥር ወር ሹራብ፣ ኮፍያና ሁለት ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ማሞቂያው እየነደደ የሚተኛ ሐበሻ ሕፃን ብርቅ አይደለም። እንግሊዞች ለሕፃን ክፍል የሚመክሩት ሙቀት ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ነው።

በጨርቅ የምትጠቀልሉት ከሆነ በጀርባው ብቻ አስተኙት፤ ዳሌውና እግሩ ላላ ይበል። ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር፣ ብዙውን ጊዜ 3 ወር ገደማ፣ መጠቅለሉን ተዉ። ተጠቅልሎ የተገለበጠ ልጅ እጁ ስለታሰረ ራሱን ማቅናት አይችልም።

4. ከሰሉን አስወጡ

ይህን ለብቻው የጻፍኩት አንድ ሌሊት ቤት ሙሉ ሰው ስለሚገድል ነው። አራስ ቤት ውስጥ ማንደጃ ማስገባት እንደ ደግነት ይቆጠራል። "ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው" ይባላል። አደገኛው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ፍሙ ቀልቶም፣ አመድ ለብሶም ይወጣል። ዓይን አለማቃጠሉ ነው የሚያታልለን። እጣንም የከሰሉን ሽታ ይሸፍነው እንደሆነ እንጂ ጋዙን አያጠፋውም።

ቡናው ይፈላ፣ ገንፎው ይገንፋ፤ ግን ሕፃኑ በሚተኛበት ክፍል አይሁን። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ማንደጃው ደጅ ይቀጣጠል፣ ደጅ ይፍላ። የግድ ክፍሉን ማሞቅ ካለባችሁ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ሁላችሁም ነቅታችሁ ሳላችሁ፣ ከመተኛታችሁ ብዙ ቀደም ብላችሁ ይሁን። ከዚያ ፍሙ ሙሉ በሙሉ ከቤት ይውጣ። ማንደጃ እየነደደ አይተኛም፣ አራት ነጥብ።

ሲጋራም እዚሁ ይግባ። በእርግዝና ጊዜም ሆነ ከወሊድ በኋላ ሕፃኑ አጠገብ ማጨስ ለድንገተኛ ሞት በግልጽ ያጋልጣል። አጫሹ አባት ከሆነ ደጅ አጭሶ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ታጥቦ ይምጣ።

5. አንድ ክፍል፣ ሁለት መኝታ

ምክሩ ይህ ነው፦ ቢያንስ እስከ 6 ወር ሕፃኑ እናንተ በምትተኙበት ክፍል፣ አልጋችሁ አጠገብ፣ ግን በራሱ መኝታ ይተኛ። እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትነኩት ይሁን።

በአንድ ክፍል አምስት ሆነው ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ምክር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ከእናት ጉያ መተኛት ለእኛ የድህነት ነገር ብቻም አይደለም፤ ልጅ ማሳደግ የምናውቀው እንዲያ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ የማኦሪ ሕዝብም እንደኛ ነው። ከልጃቸው ተለይታችሁ ተኙ ቢባሉ የሚሰሙ አልሆኑም። በ2006 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የራሳቸው ሐኪሞችና ስፌት ሠሪዎች ተማክረው ዋሃኩራ የሚባል መኝታ አወጡ። ከአገራቸው ቃጫ የተሰፋ፣ ጠርዝ ያለው ዝርግ ቅርጫት ነው። ቅርጫቱ ከእናትየው አልጋ ላይ ይቀመጣል። ልጁ አጠገቧ ነው፣ ግን የራሱ ክልል አለው። ይህን ስሰማ የእኛ ሰፌድና መሶብ ሰፊዎች ናቸው ትዝ ያሉኝ። እስካሁን ማንም ያላሰበበት ይገርመኛል። እስከዚያው ግን ቤት ያለ ጠንካራ፣ ታችኛው ወለሉ ዝርግ የሆነ፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ ቅርጫት፣ ስስ ጠንካራ ፍራሽ ተነጥፎበት ያገለግላል።

ምንም ካልተገኘና አንድ አልጋ ላይ የምትተኙ ከሆነ እነዚህን ጠብቁ። ልጁ በእናቱ በኩል ይሁን እንጂ በሁለት ሰው መሀል አይተኛ። ከግድግዳውና ከፍራሹ መሀል ክፍተት አይኑር። የእናንተ ትራስና ብርድ ልብስ እሱ ጋ አይድረስ። ታላላቆቹ ልጆች ሌላ ቦታ ይተኙ። ረጅም ፀጉርና የነጠላ ዘርፍ ይታሰር።

ፈጽሞ አብሮ መተኛት የሌለበት ጊዜም አለ። ጠላ፣ አረቄ ወይም ቢራ የቀመሰ ሰው፣ የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ፣ የሚያጨስ፣ ከሕፃኑ ጋር አንድ አልጋ ላይ አይተኛም። ወተት ይጨምራል ተብሎ ጠላ ለሚሰጣት አራስም ይሠራል። ልጁ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች ከነበረም እንዲሁ። (ሐኪም ደረታችሁ ላይ ገላ ለገላ አድርጋችሁ እንድታቅፉት ካዘዛችሁ ያ ሕክምና ነው፤ የተነገራችሁን ተከተሉ።)

6. ሌሊት 9 ሰዓት

የሚያስፈራኝ ሰዓት ይህ ነው። ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ነቅቷል። ዓይናችሁ አይገለጥም። ባል እንዳይረበሽ ብላችሁ ሳሎን ወጥታችሁ ሶፋው ላይ ቁጭ ትላላችሁ፣ ጡት ታጎርሱታላችሁ፣ እንቅልፍ ያዳፋችኋል።

ሶፋ ከአልጋ ይብሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደሚለው ሶፋ ወይም ለስላሳ ወንበር ላይ ከሕፃን ጋር ማንቀላፋት አደጋውን እስከ 67 እጥፍ ያሳድገዋል። ልጁ በሰውነታችሁና በመደገፊያው መሀል ይሰምጣል። የእኛ ሳሎን ሶፋ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ሰው የሚውጥ።

ስለዚህ እንቅልፍ ሊጥለኝ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ አጥቡት። ትራሱንና ብርድ ልብሱን ቀድማችሁ ገፍታችሁ፣ የስልካችሁን ደወል ለ20 ደቂቃ ሞልታችሁ። ተኝታችሁም ከሆነ እንደነቃችሁ ወደ ራሱ መኝታ መልሱት። ባልም ይነሳ። ልጁን አስገስቶ መመለስ ወተት አይጠይቅም።

ጡት ማጥባቱ ራሱ መከላከያ ነው። ቢያንስ ሁለት ወር የጠባ ልጅ የድንገተኛ ሞት አደጋው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለማባበያ የሚጎርሰው የላስቲክ ጡትም (ፓሲፋየር) በእንቅልፍ ሰዓት ይረዳል፤ ጡት በደንብ ከለመደ በኋላ፣ ክር ሳይታሰርበት። እንቅልፍ ወስዶት ከአፉ ከወደቀ መልሳችሁ አታጉርሱት።

7. ሰዉን አስተምሩ

እናቴን "እማዬ፣ በሆዱ አታስተኚው" ስላት "ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች" ብላ አፌን አስያዘችኝ። አምስት ልጅ አሳድጋለች፤ ምን እላታለሁ? እህቴ ሜሪላንድ ስትወልድ ለጥየቃ ሄዳ ደግሞ ከዚያ አገር ነርስ ጋር በምልክት ተጣልታ መጣች። ጋቢውን ካልደረብኩለት ብላ።

በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ክርክሩን ሌሊት አይጀምሩትም። ልጁ ከመወለዱ በፊት፣ ቡና ላይ፣ በሰላሙ ጊዜ ነው። "እናንተ አጥፍታችኋል" ማለትም አይሠራም። እኔ ያልኳት "ሐኪሙ አዘዘ" ነው። እናቶቻችን ከልጃቸው ይልቅ ሐኪም ይሰማሉ፤ ሐኪሙም እውነት አዝዟል፣ አልዋሸሁም። በ45 ቀን ክትባቱ አብራኝ ጤና ጣቢያ ሄደች፣ በእሷ ፊት ጠየቅኩ፣ በጆሯዋ ሰማች። ከዚያ በኋላ መጤ ጠያቂን የምትቆጣው እሷ ሆነች። ለእሷም የራሷ ሥራ ስጧት፦ ከረጢቱን እሷ ታሰፋ፣ ማጅራቱን እሷ ትዳስስ። ጋቢዋን የነጠቃችኋት አይምሰላት።

ሞግዚቷ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይጠብቃል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። ቁጥሩን ልብ በሉት። ወደ ሥራ የምትመለሱት ልጁ ሦስት ወር ሲሆነው ነው፤ አደጋው ከፍ ባለበት ዕድሜ፣ መገልበጥ ሊጀምር አፋፍ ላይ ሳለ። በዚያ ላይ ጀርባውን የለመደ ሕፃን አንድ ቀን ድንገት በሆዱ ቢተኛ አደጋው ሁልጊዜ በሆዱ ከሚተኛውም ይብሳል። አለቀሰብኝ ብላ አንድ ቀን ብትገለብጠው በቂ ነው።

ስለዚህ ሞግዚቷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትግባ። በቃል ነግራችሁ አትለፉ፤ እናንተ እያያችሁ እሷ ታስተኛው። አልጋው ባዶ ሆኖ ምን እንደሚመስል በስልኳ ፎቶ አንሱላት። ምክንያቱንም ንገሯት። ያልተነገራት ሰው ልጁ የበረደው ሲመስላት ይደርባል፤ እኔም ብሆን እደርብ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ፦ "ቢያለቅስ ደውይልኝ፣ አልቆጣም" በሏት። ከዚያም አትቆጡ።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ማተብ። ልጁ በ40፣ ልጅቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሳ አንገት ላይ ይታሰራል። ክታብም አለ፣ ዶቃም አለ። ይህን ማንሳት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በእንቅልፍ ሰዓት ሕፃን አንገት ላይ ምንም ክር መኖር የለበትም፤ ሊያንቀው ይችላል። እኛ ማታ ማታ አውልቀን ከእጁ ርቆ ራስጌ ግድግዳው ላይ እንሰቅላለን፣ ጠዋት እናስርለታለን። እናቴ ተቃወመች፣ የንስሐ አባታችን ግን ሳቁ እንጂ አልተቆጡም።

አንቀልባ። ሰው ነቅቶ የሚያዝለው ልጅ በሰላም ነው፣ ፊቱ እስከታየ ድረስ። ለአራስ ልጅ ከፊት ማቀፍ ይሻላል፤ አጎንብሳችሁ ግንባሩን መሳም የምትችሉበት ቁመት ላይ፣ አገጩ ደረቱን ሳይነካ። ነጠላ አልብሳችሁ ፊቱን አትሸፍኑት።

የመኪና ወንበር ለመኪና ነው። ከደረሳችሁ በኋላ "እንቅልፉን አልረብሸው" ብላችሁ እዚያው አትተዉት፤ አውጥታችሁ ዝርግ ቦታ አስተኙት።

ካልነቃ

ልጁ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አልተነፍስ ብሎ ካገኛችሁት ጮክ ብላችሁ ሰው ጥሩ። አንዱ 907 ይደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። እናንተ ልጁን ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው አድርጉት። አፉና አፍንጫውን በአንድነት በአፋችሁ ሸፍናችሁ ደረቱ ከፍ እስኪል ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ተንፍሱለት። ከዚያ ደረቱን በሁለት እጃችሁ ዙሪያውን ይዛችሁ በሁለቱ አውራ ጣቶቻችሁ ደረቱ መሀል፣ ከጡቶቹ መስመር ዝቅ ብላችሁ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል 30 ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ። ሁለት ትንፋሽ፣ 30 ግፊት፣ እርዳታ እስኪደርስ። ይህን በጽሑፍ ከማንበብ ይልቅ አንድ ጊዜ በአሻንጉሊት ላይ መለማመድ ይሻላል፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ ካገኛችሁ አባትየውንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሲያድግ

በ4 ወር ገደማ መገልበጥ ይጀምራል። እናንተ ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት። ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ በራሱ መዞር ከቻለ በኋላ ሌሊት ቢገለበጥ እየተነሳችሁ ማቃናት አይጠበቅባችሁም። ለዚያ ነው አልጋው ባዶ ይሁን ያልነው፤ ወደየትም ቢዞር ፊቱን የሚያገኘው ባዶ አንሶላ ነው።

ቁጭ ማለት ሲጀምር ፍራሹን ዝቅ አድርጉት፣ በላዩ የተንጠለጠለ መጫወቻ ካለም አውርዱ። ይዞ መቆም ሲጀምር ደግሞ ወደ ታችኛው እርከን። አልጋው አጠገብ ያለ የመጋረጃ ገመድና የቻርጀር ሽቦ ከእጁ ይራቅ። አንድ ዓመት ሲሞላው ስስ ብርድ ልብስ ትችላላችሁ። ትራሱ ይቆይ፤ የእኔ ሁለተኛ ልጅ ሦስት ዓመት ሆኖት እስካሁን አልጠየቀም።